ከሽመልስ ኪስ የወጣው ሳንቲም

የበደለኝ ሰው ግርማ ይባላል። የአክስቴ ልጅ ነው፤ አክስቴ ስትሞት እናቴ አምጥታ ከእኛ ጋር ያሳደገችው። የበደለኝ በሰኔ ወር 2001 ዓ.ም. ነው። ያወቅኩት ግን አምና፣ እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አንድ ሳንቲም አልውጥም ብሎ ሲታነቅብኝ ነው። ስሙን የጻፍኩት ሳላስብበት አይደለም። "ስሙን እንኳ ተዪው፣ ለልጆቹ ስትዪ" ያሉኝ አሉ። ልጆቹ አማርኛ አያነቡም።

እኔ አሰላ ከተማ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ። ቀን መጻፍ፣ ማኅተም መምታት፣ የገባውን ደብዳቤ ከወጣው መለየት ሥራዬ ነበር። ስለዚህ አንባቢ "አሮጊት ናት፣ ቀን ተምታቶባት ይሆናል" ብሎ እንዳያስብ ከአሁኑ እናገራለሁ። ቀን አይምታታብኝም።

ታናሽ ወንድሜ ሽመልስና ግርማ ከቤት የወጡት አብረው ነው፤ በ1998። አንድ ደላላ በባንኮክ በኩል ወደ አውስትራሊያ መሻገር ይቻላል ብሏቸው ነበር። እናቴ ለሁለቱም እኩል ጭኮ አሽታ ሰጠቻቸው፤ ለልጇ አላበዛችም፣ ለእህቷ ልጅ አላሳነሰችም። አውስትራሊያ የሚባለውን ሁለቱም አላዩትም። ባንኮክ ላይ የቪዛቸው ቀን አለቀና እዚያው ቀሩ። ለስደተኞች መሥሪያ ቤት አመለከቱ፤ ከዚያ መልስ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሽመልስ ሲደውል ስለ ሙቀቱ ነበር የሚያወራው። "እትዬ፣ እዚህ አገር ሰማዩ ራሱ ያልበዋል" ይለኝ ነበር። የጭላሎ ጭጋግ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። "ማታ ማታ ጋቢ ናፈቀኝ፣ ለመልበስ ሳይሆን የሚያስለብስ ብርድ ናፈቀኝ" ብሎኝ ያውቃል።

በሰኔ 2001፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ አራት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት አራት ሰው ቤት ድረስ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ነጠላዋን ሳትይዝ ወጣች። ግርማ አሜሪካ ገብቶ፣ ከዴንቨር ለአንደኛው ሽማግሌ ደውሎ ነበር፤ "ሽመልስ ባንኮክ ላይ ታሞ አረፈ፣ ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ፣ ለእናቴ ቀስ ብላችሁ አርዷት" ብሎ።

እኛ አገር መርዶ እንደሚዘገይ ታውቃላችሁ። ሰው ከሞተ ወር ሆኖት፣ አንዳንዴ ዓመት ሆኖት፣ ያ በዓል ይለፍ፣ ያቺ ነፍሰ ጡር ትገላገል እየተባለ ይቆያል። ስለዚህ ማንም "መቼ ሞተ?" ብሎ አጥብቆ አልጠየቀም። ሁላችንም ግርማ አቆይቶት ይሆናል አልን። ለቅሶ ተቀመጥን። ድንኳን ተጣለ። ፎቶው ወጣ። እናቴ ጥቁሯን ለበሰች፤ ሳታወልቀው በሚያዝያ 2003 ሞተች። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ የዘገየ መርዶ አይቻለሁ። የቀደመ መርዶ ግን አይቼ አላውቅም፣ ስለዚህ አልጠረጠርኩም።

እኔ የወጣሁት በ2008 ነው። ዲቪ ሞልታልኝ የነበረችው ታናሽ እህቴ ውድነሽ ናት፤ ለራሷ ሞልታ ሳይደርሳት ለእኔ ለቀልድ ሞልታ ደረሰኝ። ተያዥ ሲያስፈልግ ግርማ "እኔ አለሁ፣ እትዬን የማላመጣ ማንን ላመጣ ነው" አለ። ያኔ ምስጋናዬን በደብዳቤ ጻፍኩለት፤ የደብዳቤው ቅጂ አሁንም አለኝ። ከአሰላ የወጣሁት ከምሳ በኋላ በሚኒባስ ነው። ሸኚዬ ውድነሽ ብቻ ነበረች። ቤታችን በር ላይ ቆማ፣ "እንግዲህ ሄደሽ የሽመልስን መቃብር ጠይቂ፣ ግርማ ያውቃል" አለችኝ። አሜሪካና ባንኮክ ጎረቤት ይመስሏት ነበር። አላረምኳትም።

አየር ማረፊያው ላይ ሻንጣዬን የከፈተው መኮንን ጭኮውን አንስቶ አሸተተ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ገብስና ቅቤ።"

"ለምን ይጠቅማል?"

"ይበላል።"

"ማን ይበላዋል?" አለኝ። የእናቴን እጅ ሙያ ከውድነሽ በስተቀር የሚሠራው የለም፤ እሱ በሁለት ጣቱ ይዞ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። እናንተ ጋ የተጣለ ውሻ ይበላዋል። እዚህ የተጣለው ፕላስቲክ ይታሰርበታል።

ግርማ ቤት ቤዝመንቱን፣ ማለት ምድር ቤቱን፣ አከራየኝ። ተከራየሁ የምለው ኪራይ ስለምከፍል ነው፤ እነሱ ለሰው ሲናገሩ "እትዬን ይዘናታል" ነው የሚሉት። ሚስቱ ሰላማዊት ትሁት ሴት ናት፣ በእርስዎ ነው የምታናግረኝ፣ ትሕትናዋ ግን ደንብ ይበዛዋል።

"እትዬ ዘነቡ፣ ላውንድሪ ማሽኑን ባይጠቀሙበት ደስ ይለኛል። እርስዎ የሚያጥቡት ነጠላ ክሩ ፊልተሩ ውስጥ ይገባል።"

"ነጠላዬን በእጄ አጥባለሁ።"

"አንሶላውንም ቢሆን… ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በሳንቲም የሚሠራ አለ እኮ። በጣም ክሊን ነው።"

ስለዚህ በየሳምንቱ አንሶላዬን በከረጢት አድርጌ በአውቶቡስ ኮልፋክስ እሄዳለሁ። እዚህ አገር አየሩ እንዴት ይደርቃል መሰላችሁ፤ ልብስ ለማድረቅ ምንም ማሽን አያስፈልግም፣ ውጭ ብታሰጡት በአንድ ሰዓት ቆርቆሮ ይሆናል። ግን ውጭ ማስጣት ነውር ነው አሉኝ፤ የሰፈሩ ማኅበር ደብዳቤ ይጽፋል። የመጀመሪያው ክረምት አፍንጫዬ በየጠዋቱ ይደማ ነበር። አሰላ ይበርዳል፣ ግን ብርዱ እርጥብ ነው፣ ሰውን አያደማም።

የግርማን ነገር ቀድሜ መገንዘብ ይገባኝ የነበረው በመታወቂያዬ ነው። እንደመጣሁ ቅጹን የሞላልኝ እሱ ነበር። የተወለድኩት የካቲት 30 ነው። እሱ "ፌብሩዋሪ 30" ብሎ ሞላው። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች።

"ፌብሩዋሪ 30 የለም" አለችኝ።

"ታዲያ እናቴ በዚያ ቀን ምን ወለደች?" አልኳት። አልሳቀችም። ግርማ ከኋላዬ ሆኖ "እትዬ፣ ቀን ምን ያደርግልሻል፣ ማርች 1 በያትና እንሂድ" አለኝ። ቀን ምን ያደርግልሻል ያለኝን ያኔ ልብ ብዬ መመዝገብ ነበረብኝ። ሌላ ቀን ብቻዬን ሄጄ፣ የልደት ወረቀቴን አስተርጉሜ፣ ማርች 9 አስባልኩት። ትክክሉ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሳንቲሙ ልመለስ። የመጣሁ ሰሞን ግርማ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሰጠኝ። ውስጡ የሽመልስ ቀበቶ፣ ማበጠሪያ፣ የቆመ የእጅ ሰዓትና ዘጠኝ የታይላንድ ሳንቲሞች ነበሩ። "ሳንቲሞቹ በሞተበት ዕለት ኪሱ ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ በዚህ እጄ ነው ያወጣኋቸው" አለኝና እጁን አሳየኝ። እጁን ይዤ አለቀስኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

ሳንቲሞቹን አላነበብኳቸውም። የማላውቀው ፊደል ነው፣ የማላውቀው ንጉሥ ነው። ቆርቆሮውን ራስጌዬ አስቀመጥኩት። ከጊዜ በኋላ ለልብስ ማጠቢያ የማጠራቅማቸውን ኳርተሮች፣ የሩብ ዶላር ሳንቲሞቹን፣ እዚያው ውስጥ መጨመር ጀመርኩ፤ ሌላ ዕቃ አልነበረኝም፣ ደግሞም ሽመልስ በእጁ የነካውን ነገር በየሳምንቱ ከፍቼ ባየው ደስ ይለኛል።

አምና በሰኔ፣ ኮልፋክስ ላይ፣ ሳንቲሞቹን ማሽኑ ላይ ደርድሬ ስገፋ አንደኛው ተሰነቀረ። የሚጠብቀው ሰውዬ ቢላ ይዞ መጣ። ፈልፍሎ አወጣው።

"ማሽኔን ልትገዪው ነው ልትገድዪው?"

"ኳርተር ነው" አልኩት።

"እትዬ፣ ይህ ሰውዬ የእኛን ፕሬዚዳንት ይመስላል?" አለኝ በራሱ ቋንቋ፤ ያለኝ "ሌዲ" ነው፣ እኔ ነኝ እትዬ ያደረግኩለት። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የሽመልስ ሳንቲም ነው። ልክ የኳርተር መጠን ነው፣ በጥቂት ብቻ ያንሳል። ደረቴ ላይ ይዤው አንሶላው ታጥቦ እስኪያልቅ ቆምኩ።

የምሠራው ሎውሪ የሚባል ሰፈር፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አብራኝ የምትሠራ ኖይ የምትባል የታይላንድ ሴት አለች፤ በዕድሜ እኩያዬ ናት፣ ድንች ስትልጥ ልጣጩ አይቆረጥም። ሁለታችንም እንግሊዝኛችን አጭር ስለሆነ ወዳጅነታችን ረጅም ነው። በማግስቱ በሻይ ሰዓት ሳንቲሞቹን በሙሉ መሶብወርቅ ላይ እንደሚቀርብ ነገር በሰሃን አቀረብኩላት። ፊቷ በራ። መጀመሪያ ንጉሡን ወደ ላይ አዞረቻቸው፣ ሁሉንም፣ አንድም ፊቱን የተደፋ እንዳይኖር።

"ይህ አንድ ባት፣ ይህ አምስት፣ ይህ አሥር" አለችኝ። አሥሩ መሐሉ ቢጫ፣ ዙሪያው ነጭ ነው፣ በጀርባው ከወንዝ ዳር የቆመ ረጅም ግንብ አለበት። "የንጋት መቅደስ" ነው አለች። አናቱ አጠገብ ደቃቅ ነጠብጣቦች አሉ፤ ጣቴን ወስዳ አስነካችኝ፤ ዓይነ ስውር አሥር መሆኑን በእጁ የሚያውቅበት ነው። አምስቱ ላይ ሌላ መቅደስ አለ፣ ጣሪያው በሦስት ተደራርቦ የሚወርድ፤ እብነ በረድ ነው አለችኝ። ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ በእነሱም በፈረንጅም።

"የእኛም የራሳችን ቁጥር አለን" አልኳትና ፩፣ ፪፣ ፫ ብዬ ናፕኪን ላይ ጻፍኩላት። ጣቷን አስከትላ አየችው።

ከመቅደሱ ሥር ሁለት ፊደሎች አሉ፣ በየመሐላቸው ነጥብ፣ ከዚያ አራት ቁጥር። ሳላውቀው ገባኝ። ይህን እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ጽፌዋለሁ። የእኛ ዓ.ም. ነው።

"ዓመተ ምሕረት?" ልላት አልቻልኩም፤ "ዓመት ነው?" አልኳት።

"ዓመት ነው። ጌታ ቡድሃ ካረፉበት ይቆጠራል።"

እኛ ከልደት እንቆጥራለን። እነሱ ከሞት ይቆጥራሉ።

ማሽኑ የተፋውን አምስት ባት አንስታ አነበበችው። "ሁለት፣ አምስት፣ አምስት፣ አራት። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ አራት። ለፈረንጅ ሲሆን አምስት መቶ አርባ ሦስት ትቀንሻለሽ።"

ናፕኪኑ ላይ ቀነስኩ። 2011 መጣ። ከእሱ ላይ ስምንት ቀነስኩ፤ 2003። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ተሠርቶም ከሆነ ሰባት፤ 2004። እንደገና ቀነስኩ። ሽመልስ የሞተው 2001 ነው። የሞተ ሰው ኪስ ውስጥ፣ ገና ያልተሠራ ሳንቲም።

"ደግመሽ እዪው" አልኳት።

"አራትና አምስት መንትዮች ናቸው" አለችኝ። "አምስት አናቷ ላይ ቋጠሮ አላት። አራት የላትም።" ሦስተኛዋ ቁጥር ላይ ቢላው ጭሮበት ነበር። አራት ከሆነች 2544 ይሆናል፣ ዐሥር ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሁሉም ነገር ትክክል ይሆናል፣ ግርማም ጨዋ ሰው ሆኖ ይቀራል። በሕይወቴ አንድን ቁጥር እንደዚያ ለምኜ አላውቅም።

ኖይ የስልኳን መብራት አበራች። ከዚያ ሳንቲሙን ገለበጠችና ንጉሡን አሳየችኝ፤ አጠገቡ ሌላ፣ ያረጀ አንድ ባት አስቀመጠች። "አሮጌው ላይ ያለው የወጣትነታቸው ፊት ነው። ይህኛው የሽምግልናቸው። የሽምግልናቸው ፊት መውጣት የጀመረው በ2551 ነው። በ2544 ይህ ሳንቲም የለም።" ሌላ አንድ ባት ደግሞ አነሳች፤ የሽምግልና ፊት ነው፣ 2553 ይላል። "ዘነቡ፣ ቀኑ ትክክል ነው። ለምን ታለቅሻለሽ?"

መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ፋይል ውስጥ ስንት ወረቀት ቢኖር፣ ፋይሉ እስከ መቼ እንደሠራ የሚነግራችሁ የመጨረሻው ማኅተም ነው። የሽመልስ የመጨረሻ ማኅተም ይህ ነው።

እሑድ ከቸርች እስኪመለሱ ጠበቅኩ። ግርማ የቸርቹ ሽማግሌ ነው፤ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን እግዚአብሔር ከባንኮክ እንዴት እንዳወጣው ምስክርነት ይሰጣል። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፣ ግን እየወሰዱኝ አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። "የወንድሜን ዓይን በዚህ እጄ ከድኜ" የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ሴቶቹ ይነፋረቃሉ። ሱፉን እንደለበሰ ወጥ ቤት ገብቶ ሐብሐብ መቁረጥ ጀመረ። ሰላማዊት ሰሃን ታወጣለች።

"ግርማ፣ ሽመልስ መቼ ነው የሞተው?"

"ውይ እትዬ ደግሞ፣ ዛሬ ምን አስታወሰሽ?"

"መቼ ነው?"

"ሰኔ 2001። አንቺ ራስሽ መዝገብ አይደለሽ እንዴ?"

ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "ይህ ከኪሱ ነው የወጣው?"

"አዎ፣ ነገርኩሽ እኮ። በዚህ እጄ።"

"የተሠራው በ2003 ነው።"

ሳቀ። "እትዬ! ይሄ እኮ የታይ አቆጣጠር ነው። አምታትተሽው ነው። የነሱ ዓመት በአምስት መቶ ምናምን ይበልጣል።"

"በአምስት መቶ አርባ ሦስት። ቀንሼዋለሁ።"

ቢላውን አስቀመጠ። "እንግዲህ ቀን… በነሱ ይሁን፣ በፈረንጅ ይሁን፣ በኛ ይሁን፣ እኔ እንጃ። ስትሬስ ላይ ነበርኩ። ምናልባት እኔ የተናገርኩት በፈረንጅ ይሆናል።"

"በፈረንጅ 2001 ላይ አሰላ ቁጭ ብለህ የእናቴን ወተት ትጠጣ ነበር። እናቴ ያለቀሰችው በፈረንጅ ነው? ድንኳኑ የተጣለው በፈረንጅ ነው?"

"እትዬ ዘነቡ፣ ዛሬ ሰንበት ነው፣ ይረጋጉ" አለች ሰላማዊት።

"አንቺ ሐብሐቡን አቅርቢ" አልኳት። ባሏን ስታየው፣ እሷም እንደማታውቅ አወቅኩ።

ግርማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ሳልጠይቀው ተናገረ። ሽመልስን ፖሊሶች ባንኮክ መንገድ ላይ ይዘውት ነበር፤ ወረቀት የሌላቸው የሚታሰሩበት ቦታ አስገቡት። እሱ ደግሞ በዚያው ሰሞን ኬዙ አልቆ አሜሪካ ትሄዳለህ ተባለ።

"ጥዬው መጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ? እቀራለሁ ልበል?"

"ያንን ማን ጠየቀህ?"

"በደወልኩ ቁጥር እናታችሁ 'ሽመልስስ?' ትለኛለች። ገና ሃሎ ሳልል። 'ሽመልስስ? ትተኸው መጣህ?' ትለኛለች። አልቻልኩም እትዬ።"

"ሞተ ማለት ቻልክ።"

"እዚያ የገባ አይወጣም ነበር። ሞቷል እንጂ ምን ይባላል ብዬ ነው።"

"አይወጣም?"

"ዘመድ የአውሮፕላን ቲኬት ካመጣለት ወደ አገሩ ይሰዱታል" አለ በመጨረሻ። "እሱ ግን አልመለስም ይል ነበር።"

"መጀመሪያ ነው የሚለው መጨረሻ?"

"መጀመሪያ።"

አሰላ ቤት ነበረን። እናቴ በአንድ ቀን ትሸጠው ነበር። ውድነሽ ዘመድ ሆና ትሄድ ነበር፣ እኔም እሄድ ነበር። ይህን አልነገርኩትም፤ ያውቀዋል፣ እዚያው ቤት ነው ያደገው።

"የሞተው መቼ ነው?"

"በጥር። 2004። ጠያቂ የነበረች አንዲት መነኩሴ ነች ዕቃውን የላከችልኝ፣ በፖስታ። ሳንባው ነው።"

ሁለት ዓመት ከሰባት ወር። ለቅሶው ከተነሣ በኋላ፣ እናቴ ከተቀበረች በኋላ። የእናቴ ልጅ በሕይወት እያለ እናቴ ልጄ ሞቷል ብላ ሞተች።

"ለእኛ ለምን አልደወለም?"

"ስልካችሁ ተቆርጧል አልኩት። ቤት ቀይረዋል አልኩት።"

"አልጻፈም?"

"ደብዳቤውን እኔ ጋ ይልከው ነበር። እንዳደርስለት።"

"የታለ?"

"የለም።"

"ስንት ነበር?"

"እትዬ…"

"ሳንቲሙ ኪሱ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? እስር ቤት ውስጥ ምን ይገዛበታል?"

ግርማ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። በዚያ እጁ። "ለስልክ ነው። ጠያቂዎች ሳንቲም ይሰጡታል። በሳንቲም የሚሠራ ስልክ ነበር፤ ሲፈቀድላቸው ይደውላሉ።"

"ማን ጋ ነበር የሚደውለው?"

"እኔ ጋ።"

"ታነሳለህ?"

"መጀመሪያ አነሳ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ቁጥሬን ቀየርኩ።"

ሰላማዊት እጇ ላይ የነበረውን ሰሃን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ፣ እንደሚያንቀላፋ ሕፃን። ግርማ "ይቅር በዪኝ፣ ጌታ ይቅር ብሎኛል" አለ። ጌታ ይቅር ይበለው፣ እሱ ወንድም አልሞተበትም ልል ነበር፣ ነገሩ ኃጢአት ስለመሰለኝ ተውኩት። ሳንቲሙን አንስቼ ወደ ቤዝመንቱ ወረድኩ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ለውድነሽ ደወልኩ። በሰኔ ዴንቨር ቶሎ አይመሽም፤ ፀሐይ ተራሮቹ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ አሰላ ግን ሊነጋ ነው፣ ልክ ሽማግሌዎቹ በራችንን ያንኳኩበት ሰዓት። ሰዓቱን ጠብቄ ነው የደወልኩት። መርዶ በሰዓቱ መሆን አለበት።

"ምነው እትዬ፣ በዚህ ሰዓት? ሰው ሞተ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ማን? ግርማ ነው?"

"ሽመልስ ነው።"

የጎረቤት ዶሮ ይሰማኛል። "እትዬ፣ ታመሻል እንዴ? ሽመልስ እኮ…"

"ያኔ አልሞተም ነበር። የሞተው ጥር 2004 ነው። ወረቀት አምጪና ጻፊው።"

ነገርኳት፤ እንዳለ፣ ከላይ እንደጻፍኩት። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "እማዬ የሞተች ቀን ደውሎ ይሆን?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አሁንም አላውቅም። ያንን የሚያውቀው ስልክ የት እንዳለ፣ አሁንም ቆሞ እንደሆነ፣ ማን እንደሚደውልበት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ይህ ነው። በሳምንቱ ከግርማ ቤት ወጣሁ፤ ቁልፉን ለሰላማዊት ሰጠኋት፣ አንሶላዎቹን አጥቤ አጥፌ። አውሮራ ውስጥ ከኖይ ጎን አንዲት ክፍል አገኘሁ። በጥር አሰላ ላይ ሙት ዓመቱ ወጣ፣ በትክክለኛው ቀን። ዘጠኙን ሳንቲሞች በተለየ ዕቃ አስቀመጥኩ፤ የንጉሡ ፊት ወደ ላይ ነው፣ ኖይ እንዳስተማረችኝ። ባለፈው መጋቢት ግርማ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል፣ አንቺን ይጠራል ብለው የቸርቹ ሰዎች ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ፤ ስልክሽ አይሠራም አሉኝ።

ቁጥሬን ቀይሬያለሁ። ለውድነሽ ሰጥቻታለሁ፣ ለኖይ ሰጥቻታለሁ። ለእነሱ አልሰጠኋቸውም።